ያለ እጅ የጮኸው ክላክስ

የተቃጠለ ሽቦ ከሸተተኝ ምንድነው ብዬ አልጠይቅም፤ እሮጣለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ሲሰማ ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ባለፈው ሳምንት መቀሌ፣ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለችው ጋራዣችን በር ላይ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ፣ ከአንዲት አሮጌ ፒካፕ ውስጥ ያቺ ሽታ መጣች። ላስቲክ የምትመስል ግን ላስቲክ ያልሆነች፣ ጉሮሮን ከርከር የምታደርግ፣ መጨረሻዋ ላይ ጣፈጥ የምትል። ራሴን ያገኘሁት ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ብርጭቆው እጄ ላይ አለ፣ ሻዩ ግን ሱሪዬ ላይ ነው። የጋራዡ ልጆች (ልጆች እላለሁ እንጂ ሁሉም የልጆች አባት ናቸው) ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። «ዋእ! ጋሽ ሰዒድ፣ እንታይ ኾይኖም፣ ምን ነካዎት? ሽቦ እኮ ነው፣ እባብ አይደለም» አለኝ አንደኛው። «እባብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አልኩት። እውነቴን ነው፤ እባብ ቢያንስ ይታያል።

ፒካፗን ከፍተው ሲያዩዋት እንደጠረጠርኩት ፊውዙ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሏል። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ፊውዝ ማለት ከሁሉም ቀድማ እንድትቃጠል የተሠራች ቀጭን ሽቦ ናት። ሌላ ሥራ የላትም። የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጦ ከመኪናው ብረት ጋር ኮንታክት ሲያደርግ እሷ ፈጥና ትበጠሳለች፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ሰው ይተርፋል። የኛ ሰው ግን የጠፋ ነገር አይወድም። በጦርነቱ መንገዱ ተዘግቶ መቀሌ መርፌ እንኳ በማይገባበት በዚያ ጊዜ ፊውዝ ሲጠፋ ሁሉም በሽቦና በወረቀት መጠቅለል ለመደ፤ መንገዱ ተከፈተ፣ ፊውዙ ገባ፣ ልማዱ ግን አልወጣም። «ይኸው ይሠራል እኮ ጋሼ» ይሉኛል። አዎ፣ እስኪያቃጥላችሁ ይሠራል! ደሜ ይፈላል። ባለ ፒካፑን እንደ ልጄ ተቆጣሁት፤ ሰውየው ሽማግሌ ሆኜበት ዝም አለ እንጂ ሌላ ቢሆን ይማታ ነበር።

ሽታው ብቻውን ቢሆን በሌላ ብርጭቆ ሻይ ይረሳ ነበር። ግን የእህቴ የሐዋ ልጅ፣ ኢማን፣ ልታገባ ነው። ሰርግ፣ የተጌጠ መኪና፣ ክላክስና ይህች ሽታ በአንድ ሳምንት ሲገናኙብኝ እንቅልፌ ሄደ። ወደ ሐዋ የራሷ ሰርግ ቀን መለሱኝ።

ያኔ መቀሌ ሌላ ናት። ባጃጅ የሚባል ነገር ገና አልታየም፤ ከገበያ ወደ ሰፈር የሚያደርሰን ጋሪ ነበር። ዛሬ ዓዲ ሓቂ ተማሪው ከካፌ ካፌ የሚተራመስበት ሰፈር ያኔ ሜዳው ይበዛል፤ ገብስ ተዘርቶበት አስታውሳለሁ። አቧራው ነጭ ነው፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ የሰው ሁሉ ቅንድብ ዱቄት የነካው ይመስላል። ነፋሱ ዛሬም ያው ነው፣ አቧራውን ነው ኮብልስቶን የዋጠው። ካሴት ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን ደጅ አውጥተው የትግርኛውን ከበሮ ከኛ ከወሎው ዜማ ጋር ያደባልቁታል፤ አንዱን ዘፈን ለመስማት በአንዱ ጆሮ ብቻ ማዳመጥ ነበር። ወንዱ ትከሻው ሰፊ ኮት ይለብሳል፤ ትከሻችን የኛ ሳይሆን የስፖንጁ ነበር። ለስላሳ በብርና በሳንቲም ጠጥተን ጠርሙሱን እንመልሳለን። ፊውዝ ደግሞ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሱቅ ውስጥ ከሻማና ከክብሪት ጎን በሃምሳ ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ይህን የምለው ዋጋው ናፍቆኝ አይደለም። ሃምሳ ሳንቲም ስለነበር ነው ዛሬም ሳስበው የሚያንገበግበኝ።

ሐዋን ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ያመጣኋት ትንሽ ልጅ ሆና ነው። አባታችን ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸው ሲያልፉ እናታችንም ብዙ አልቆየች። እኔ ቀድሜ መቀሌ ገብቼ ከአንድ ጣሊያን ካሠለጠነው ባለሙያ ሥር ካቻቢቴ እያቀበልኩ ሙያ እለምድ ነበርና፣ ሄጄ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ እቅፌ ላይ አድርጌ አመጣኋት። ከቤታችን እሷ ብቻ ቀረችኝ። ዝምተኛ ናት። ጥርሷን ሲያማት ጉንጯ አብጦ ካላየሁ በቀር አትነግረኝም። ጫማ ሲጠባት እግሯን አንሻፍፋ ትሄዳለች እንጂ «ጠበበኝ» አትልም። «ምነው አትናገሪም?» ስላት «ታዲያ አንተ ምን ታረገዋለህ፣ ትጨነቃለህ እንጂ» ትለኛለች። ሰው ሁሉ ጨዋ ልጅ አሳደግክ ይለኝ ነበር። እኔም እኮራ ነበር።

እዚሁ ከመቀሌ አጠገብ ቁሓ የሚኖር ኢድሪስ የሚባል የእህል ነጋዴ ልጅ ጠየቃት። ጥሩ ልጅ ነው፣ ዛሬም ጥሩ ሰው ነው። ኒካሕ ታሰረ፤ ወሊዋ፣ የምድራት ኃላፊዋ፣ እኔ ነኝ። ሰርጉ ሲደርስ የሙሽራ መኪና ተፈለገ፤ ያኔ መቀሌ ውስጥ ለሙሽራ የሚሆን አውቶሞቢል በጣት የሚቆጠር ነው። የኢድሪስ ሚዜ ያሲን ከአንድ ነጋዴ አንዲት ነጭ አውቶሞቢል ተዋሰ። አሮጊት ናት፣ ግን ታጥባ ስትወጣ ታምራለች። ችግሯ ክላክሷ ነበር፤ ፊውዟ ይቃጠላል፣ ይቀየራል፣ ይቃጠላል። «አንታ ሰዒድ፣ ክላክስ የሌላት የሙሽራ መኪና ለለቅሶ እንጂ ለሰርግ አትሆንም፣ በጃኻ ሓወይ፣ እባክህ ወንድሜ» ብሎ ከሰርጉ በፊት ባለው ቀን ጋራዥ ድረስ ነድቶ አመጣት።

ሥራው ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ትዕግሥት ላለው። ፊውዝ እያቃጠልክ ችግር አትፈልግም። የተቃጠለውን ትነቅልና በቦታው አምፖል ታስራለህ። ኮንታክት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል። ከዚያ የሽቦውን እሽግ እየነካካህ፣ እየጎተትክ፣ ቀስ እያልክ ትከተላለህ፤ ቦታው ላይ ስትደርስ አምፖሉ ይርገበገባል። መሪው ሥር ስደርስ ተርገበገበ። አንድ ሽቦ መሪው በዞረ ቁጥር ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ኖሮ የላስቲክ ልብሱ ተገፏል። ቀየርኩት፣ በሽቦ ማሸጊያ ናስትሮ ጠቀለልኩት፣ ከብረቱ አራቅሁት፤ አምፖሉ ድርግም አለ። አዲስ ፊውዝ ከትቼ ክላክሱን ነካሁት፤ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያሲን ሳመኝ። ትርፍ ፊውዞቹን ለነገ ይሆናሉ ብዬ ኪሴ ከተትኩ። ሙሽራዋ እህቴ ናት፤ የዚያን ቀን መኪናዋን እንደሷ አድርጌ ነው ያየሁት።

በማግስቱ ጠዋት ሰርገኛው ሲመጣ ገና ከመንገዱ ጥግ የሰማሁት ድምፅ የኔ ክላክስ አይደለም። የሚያንቀጠቅጥ፣ የሚያጓራ ነገር ነው። ወጥቼ ሳይ ያሲን ከመሪው ጀርባ እየሳቀ ይጨፍርበታል። ከጓደኞቹ ጋር ሆነው የጭነት መኪና ጡሩምባ ፈልገው ኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ አስረውታል! ሽቦውን ከፊት ጎትተው ምንጣፉ ሥር አሳልፈው፣ የኋላ ወንበር ሥር አድርገው፣ ከቤንዚን ታንኩ አጠገብ ወስደውታል። ቀጭን ሽቦ ነው፤ የቤት አምፖል የሚሰቀልበት ዓይነት። «ያሲን፣ ምንድነው ያደረግኸው? ይሄ ሽቦ ይሄን አይሸከምም፣ ፍታው!» አልኩት። ግን ዕልልታው ቀልጧል፣ ሐዋ በዓይነ ርግብ ተሸፍና የበሩ ደፍ ላይ ቆማለች፣ የመኪናዋ ኮፈን ላይ አሻንጉሊት ተቀምጦ ሪባኑ ከኮፈን እስከ በሮቹ እጀታ ተጠላልፏል። አክስታችን ዘምዘም፣ ከሐይቅ ድረስ ለሰርጉ የመጡት፣ ክንዴን ያዙኝ። «ሙሽራ ደጅ አቁመህ ሽቦ ልትፈታ ነው እንዴ? ቀልብ የለህም?» አሉኝ። እኔም ራሴን አጽናናሁ፤ ፊውዙ አለ፣ ቢከፋ እሱ ይቃጠላል፣ ክላክሱ ይዘጋል፣ በቃ። ፊውዜን አምኜ እህቴን ሸኘኋት።

አክስቴ ዘምዘም የመኪናው በር ከመዘጋቱ በፊት አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ለሐዋ የሆነ ነገር አንሾካሾኩላት። እሷም አንገቷን ነቀነቀች። ኢድሪስ ጎኗ ተቀመጠ። እኔ ከኋላ የምትከተለው ፒካፕ ላይ፣ ከሳጥኑና ከምንጣፉ ጋር፣ ድቤ ከሚመቱት የሰፈራችን ሴቶች መሃል ወጣሁ። አክስቴ ጋቢና ገቡ። ተነሳን።

ከገበያው አልፈን ወደ ቁሓ የሚወስደው ዳገት ሥር ስንደርስ የሙሽራዋ መኪና ክላክስ ቀጥ አለ። ደስ አለኝ፤ ወላሂ ደስ አለኝ። ፊውዙ ሥራውን ሠርቷል። ሰልፉ ቆመ። ያሲን ወርዶ አንድ ኪዮስክ ገባ፣ ወጣ፣ ዳሽቦርዱ ሥር ጎንበስ አለ። ወርጄ ሽቦውን ነቅዬ ልምጣ ብዬ ሴቶቹን እያለፍኩ ሳለ፣ ያ ነገር እንደገና አጓራ። ሴቶቹ በዕልልታ ተቀበሉት፣ ፒካፗም ነጠቀች፣ እኔም ተመልሼ ምንጣፉ ላይ ወደቅሁ። መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። ፊውዞቹ ሁሉ እዚያው አሉ። ኪዮስኩ ደግሞ ሲጋራና ማስቲካ እንጂ ፊውዝ አይሸጥም። ታዲያ ክላክሱ በምን ተነሳ?

ያሲን ፊውዙን በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎታል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በዚያች መኪና ውስጥ እምቢ የሚል ነገር የለም፤ ሽቦው ይግላል፣ ይግላል፣ ምንጣፉ ሥር ይግላል፣ ምንጣፉ ላይ የእህቴ እግር አለ፣ መጨረሻው ላይ ቤንዚን አለ። «አቁሙ!» አልኩ። ማን ይስማኝ? ድቤው አለ፣ ዕልልታው አለ፣ ከኋላችን ያሉት መኪናዎች ሁሉ ያጓራሉ። የፒካፗን ጣሪያ በሁለት እጄ ደበደብኩ፤ ሾፌሩ አይዞህ ያልኩት መስሎት ክላክሱን እየደጋገመ መለሰልኝ። ጮኽኩ። አንዷ ሴት ትከሻዬን እየመታች «ወንድምዬው በደስታ አበደ!» አለች፤ ሌሎቹም ስሜን አስገብተው ይዘፍኑልኝ ጀመር። አልቅሼ ነበር፤ እንባዬን አይተው የባሰ ዘፈኑልኝ። እህቱ ስትዳር የሚያለቅስ ወንድም ለነሱ ከማር ይጣፍጣል።

ዳገቱ ላይ መንገዱ ሲጠማዘዝ የሙሽራዋን መኪና ጎን ለጎን አየኋት። ያሲን ሁለት እጆቹን ከመሪው አንስቶ ያጨበጭባል። ሁለቱም እጆቹ አየር ላይ ናቸው። ክላክሱ ግን ይጮኻል። አያቋርጥም። ማንም ሳይነካው ይጮኻል። ሽቦው ልብሱ ቀልጦ ከብረቱ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው፤ ይህን ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ያሲን እየሳቀ ለኢድሪስ መሪውን ያሳየዋል፤ ራሷ ጨፈረች ማለቱ ነው። የነፋሱ አቅጣጫ ሲዞር ያቺ ሽታ አፍንጫዬ ገባች። ያ ረቢ አልኩ።

ጨው የጫኑ ግመሎች ባይመጡ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። ከላይ ተግተልትለው ሲወርዱ በጩኸቱ ደንብረው መንገዱን ሞሉት፤ ሰልፉ በእግር ፍጥነት መጎተት ጀመረ። ከፒካፗ ዘለልኩ። ጉልበቴ ተላጠ፣ ተነሳሁ፣ ሮጥኩ። የሐዋ መስኮት ዝግ ነው፣ መስተዋቱ ውስጡ ደብዛዛ ሆኗል፤ እኔ ጭስ መሆኑን አየሁ፣ ሌላው አቧራ ነው ብሏል። በሩን ሳብኩ፤ ልጆች እንዳይከፍቱት ተቆልፏል። በቡጢዬ ደበደብኩ። በአገራችን የሙሽራ ወንድም መንገድ ዘግቶ ጉርሻ ሳይቀበል አያሳልፍም አይደል? ያሲን ያ መሰለው። የራሱን መስኮት ትንሽ ከፈት አድርጎ ብር ወረወረልኝ! «ሓወይ፣ ይበቃሃል፣ ቁሓ ስንደርስ ሌላ አለህ!» እያለ ይስቃል። «እሳት! እሳት ነው!» እለዋለሁ። ክላክሱ ቃሌን ይበላዋል። ተጨማሪ ብር ወረወረ።

ወደ ፊት ሮጬ አስፋልቱ ላይ ተኛሁ። ከጎማው ፊት፣ በጀርባዬ። የሞተሩ ሙቀት ፊቴ ላይ ይሰማኛል። ፍሬን ይይዝ ይሆን አይይዝ አላሰብኩም፤ ሐሰት ምን ያደርጋል፣ አስቤያለሁ፣ ልነሳም ከጅሎኝ ነበር። ቆመች። ያሲን እየሳቀ ወረደና ፊቴን ሲያይ ሳቁ ቆመ። ገፍትሬው ገባሁ፣ ቁልፉን ነቀልኩ፣ ሞተሩ ጠፋ። ክላክሱ አልጠፋም፤ የክላክስ መስመር ከባትሪው ነው በቀጥታ የሚመጣ። ከዳሽቦርዱ ሥር ነጭ ጭስ ይወርዳል። «ኢድሪስ፣ አውጣት! አውጣት!» አልኩ። በሩ ውጪውን በሪባን ታስሯል፣ ውስጡን ተቆልፏል፣ ሰውየው በድንጋጤ መቆለፊያውን አጣው። እኔ ከኪሴ ፒንሳ አውጥቼ የኮፈኑን ሪባን ቆረጥኩ፤ አሻንጉሊቱ ወደቀ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ። የባትሪው ሽቦ ሲይዙት ያቃጥላል። ጥብቅ ነው። በእጄ ጠምዝዤ ስነቅለው መዳፌ ላይ ቀልጦ የቀረው ላስቲክ ምልክቱ ዛሬም አለ። ክላክሱ ተቆረጠ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ግመሎቹ ሲተነፍሱ ይሰማ ነበር።

ኢድሪስ በሩን በእግሩ በርግዶ ሐዋን አቅፎ ወጣ። ምንጣፉ አየር ሲያገኝ ቦግ አለ። በሰርጉ ምክንያት ያሰፋሁትን ኮት አውልቄ ጣልኩበት፣ ያሲን በጀላቢያው አፈር እያፈሰ አመጣ፣ ግመል ነጂዎቹም ሮጡ፤ ጠፋ። ወደ ታንኩ የሚሄደው ሽቦ እስከ ወንበሩ ሥር ድረስ ነዷል። ከዚያ ወዲያ ስንት ቀርቶት እንደነበር አየሁት፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። ያሲን መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ እያለቀሰ «በወረቀት ነው፣ ወረቀት ብቻ ነው» ይላል። አልሰደብኩትም። ወደ ሐዋ ሄድኩ።

ሐዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ዓይነ ርግቧ ተገፏል፣ ሂና የተቀባው እጇ ጉልበቷ ላይ ነው፣ አንድ እግሯ ባዶ ነው። ጫማዋ ምንጣፉ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። የውስጥ እግሯን ሳይ የተላጠ ሥጋ ነው። በአንድ ቀን የሚድን ቁስል አይደለም፤ አንድ ነገር ለረጅም ጊዜ ተቀምጦበት ያቃጠለው ነው። «ሐዋ» አልኳት፣ «ይሄ አሁን አይደለም። መቼ ነው የጀመረሽ?»

«ከኪዮስኩ ጀምሮ» አለች። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው፣ ጥርስ እንዳመመው ሰው። «ሽታውም ነበር። ከዚያ እግሬን ሲያቃጥለኝ ወደ ሌላው ላዞር አልኩ፣ ቀሚሱ ያዘኝ።»

«ታዲያ አትጮሂም? ባልሽ ጎንሽ ነው! አትናገሪውም?»

ቀና ብላ አየችኝ። የተገረመች ትመስላለች። «ወንድምዬ፣ ሙሽራ ነኝ እኮ» አለችኝ። «አክስቴ ዘምዘም እንዳሉኝ ነው፤ ቤቱ እስክትገቢ የፈለገው ቢሆን ቃል እንዳይወጣሽ፣ በመጀመሪያው ቀን ሰው ያሳፈረች እንዳትባይ አሉኝ። ትንሽ ነው የቀረን ብዬ ቻልኩት።»

እሳቱ ያን ያህል አላስፈራኝም። እሳት ሥራዬ ነው፤ ከየት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚቆረጥ አውቃለሁ። ይህ ግን አጥንቴ ውስጥ ገባ። ያ ሁሉ ጡሩምባ ሲጮህ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲዘፍን፣ መሃል ላይ አንዲት ልጅ እግሯ እየተጠበሰ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች፤ ግመሎቹ ባይመጡ ኖሮ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ትቀመጥ ነበር። ጨዋ ልጅ አሳደግክ ይሉኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰርግ ሰልፍ በደጄ ሲያልፍ ሰው ክላክሱን ይሰማል፤ እኔ ሙሽሮቹን ነው የማየው። በመስተዋቱ ውስጥ አንገቷን የደፋች ባየሁ ቁጥር ሰልፉን ላስቁመው ይቃጣኛል። ማንን አስቁሜ ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ሽማግሌው ጃጀ ይሉኛል። ቤቴ ገብቼ በሩን እዘጋለሁ።

ትናንት የሐዋ ቤት ነበርኩ። ኢማን ለዛሬው ሰርጓ እጇን ሂና ተቀብታ፣ እንዳይነካባት ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ሴቶቹ ከበዋታል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ምላሷ የተሳለ፣ ስልኳን የማትለቅ ልጅ ናት፤ ትናንት ግን አንገቷን ደፍታለች። ቀኑ ይሁን ልብሱ እንጃ፣ የሆነ ነገር ሁሉንም ያስደፋቸዋል። አንዲት የሰፈር እናት፣ ክፋት የሌላቸው ሴት፣ ጉልበቷን እየዳበሱ ይመክሯታል። «ነገ እንግዲህ መኪና ውስጥ ከገባሽ ዓይንሽን ሰበር፣ አፍሽን ሰብሰብ። የፈለገው ቢሆን ቃል እንዳይወጣሽ፣ እናትሽን እንዳታሳፍሪ።» ኢማን አንገቷን ነቀነቀች። እኔ ጥግ ላይ ነበርኩ፤ ልናገር ብድግ አልኩ።

ሐዋ ከጓዳ ትሪ ይዛ እየገባች ነበር። ቆመች። ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። እህቴ በዚህ ሁሉ ዕድሜዋ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ሰምቻት አላውቅም፤ ልጆቿን እንኳ በዓይኗ ነው የምትቆጣ።

«ኢማን፣ ጩኺ» አለች።

ልጅቷ ቀና አለች። «ምን?»

«ጩኺ አልኩሽ። አሁን፣ እዚሁ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ኢማን ሳቀች፤ እናቷ ግን አልሳቀችም። ልጅቷ ግራ ገብቷት «ኡ» አለች፣ እንደ ማንጎራጎር።

«ይሄ አይሰማም» አለች ሐዋ። «ነገ ክላክስ አለ። ዕልልታ አለ። አጎትሽ ያለው ከኋላ ነው። እሱ እንዲሰማሽ አድርገሽ ጩኺ።» ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ያቺን የተቃጠለች እግሯን ምንጣፉ ላይ ዘረጋቻት። ልጅቷ የእናቷን እግር ስታይ የኖረች ናት፤ ምን እንደሆነች ግን ትናንት ነው የገባት መሰለኝ። ፊቷ ተለዋወጠ። ሂናዋ እንዳይበላሽ እጆቿን ወደ ላይ አንስታ፣ አፏን ከፍታ ጮኸች።

እንዴት ያለ ጩኸት! ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ውሻው አበደ። ጎረቤቶቹ፣ ወንዶቹ ዱላ ይዘው፣ አንዲቷ ሊጥ በእጇ፣ በሩን በርግደው ገቡ። «ምንድነው? ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?» ይላሉ፤ ሁሉም ያለከልካሉ።

«ማንም አልሞተም» አለች ሐዋ፣ ትሪዋን ከመሬት እያነሳች። «ልጄን እየሞሸርኩ ነው።»